በደብዳቤ የተለካ አንገት

ጥቅምት 6

ይድረስ ሰው ማስተኛት ሥራው ለሆነው ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና ነህ ወይ? በልተህ ታድራለህ ወይ? ያ ብርዳም ክፍልህ ሞቀልህ ወይ? እኔ ከአንገቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ እጅህን ከስህተት ይጠብቅልህ፣ በሰው አገር አያሳንስህ፣ ያስተኛኸውን ሁሉ በሰላም አስነስቶ ያሳይህ። አሜን በል።

ደብዳቤ ስታይ ክው እንዳትል። ስልኬ ድምፅ እየቆራረጠ አንጀቴን ሲያሳርረኝ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ደግሞስ እኛ በስልክ መች ተነጋግረን እናውቃለን? «ይሰማል? አይሰማም» ስንባባል ነው ሒሳቡ የሚያልቀው። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት አይቆራረጥም፣ አፍ አፌንም አይለኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንቅርቴን ላስወጣው ነው። አንተ ስትሄድ ሎሚ የምታህል ነበረች፤ አሁን በር ላይ ከእኔ ቀድሞ የሚገባው እሱ ሆኗል። ለራሴ ረጃጅም ኮሌታ እየሰፋሁ ስደብቀው ነበር፣ አሁንስ ኮሌታውም ሰለቸው። ሥራው እንዳለ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም መቼ አልቆ ያውቃል? ጥቅል ጨርቅ ከላይኛው መደርደሪያ ማውረዱን ብቻ አብራኝ ለምትሠራው ለቁልፍ ሰፊዋ ትቼላታለሁ። እጅሽን ወደ ላይ ስታነሺ ፊትሽ ቲማቲም ይመስላል ትለኛለች። እሷ መቼም የማታየው ነገር የላትም።

ቀዶ ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ በማደንዘዣ የምታስተኛዋ ናት፣ ያቺ ባለመነጽሯ። አፌን ለማየት መጣች፣ አንገቴን ነካካች፣ ራጁን ለብርሃን ያዘችና ፊቷን ቅጭም አደረገችው። «እርስዎን ዝም ብለን አናስተኛም። መጀመሪያ ነቅተው ሳሉ ቱቦው ይገባል፣ ከዚያ ይተኛሉ። ለዚያ የሚሆነው መሣሪያ ከትልቁ ሆስፒታል እስኪመጣ ይጠብቁ» አለችኝ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ስንቱ ሰው ለጥ ብሎ ገብቶ ለጥ ብሎ ሲወጣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ዓይኔን አፍጥጬ ጉሮሮዬ የሚቆፈረው?

አንተ የዚህ ሥራ ሰው ነህ። እውነቷን ነው ወይስ ልጅ ሆና ፈርታ ነው? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። እንደ ወትሮህ መርፌም ዚፕም እንዳትልክ።

አክስትህ እታባ


ጥቅምት 21

ለማከብርዎት ለእታባ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እንደ ጽሑፍዎ ከሆነ ምላስዎ ደህና ነው፤ ተመስገን። እኔ ደህና ነኝ፣ ክፍሌም ሞቋል። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሁለት ቀዶ ሕክምና መሃል፣ ሻይ መጠጫ ክፍላችን ውስጥ ቆሜ ነው። ቲማቲም ያሉት ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ከባድ ነው። እባክዎ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደምንጠይቅ ልንገርዎ። ሰው በመድኃኒት ሲተኛ ጡንቻው ሁሉ ይለቃል፣ ትንፋሹም ቀጥ ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚተነፍስለት እኔ ነኝ። ቶሎ ብዬ በአፉ በኩል ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ማስገባት አለብኝ። መንገዱ ከታየኝ ቀላል ነው። ካልታየኝ ግን ሰውየው አይነቃልኝ፣ አየር አያገኝልኝ፤ እንዲህ ያለ ጉድ ላይ መውደቅ ለጠላትም አይመኙት። ስለዚህ ሳናስተኛ በፊት መንገዱ ያስቸግር እንደሆነ እንገምታለን። አንገት ላይ እብጠት ሲኖር ደግሞ ግምቱ ይከብዳል።

እንግዲህ፣ ነውር አይሁንብኝና፣ መስታወት ፊት ይቀመጡ። አፍዎ ሦስት ጣት ደራርቦ ያስገባል? ምላስዎን... ይቅርታ ያድርጉልኝ እታባ፣ ምላስዎን «አአአ» ሳይሉ እስከ መጨረሻው ያውጡና ከኋላ እንጥልዎ ይታይ እንደሆነ ቁልፍ ሰፊዋ ትይልዎ። የታች ጥርስዎ የላይ ከንፈርዎን ይነክሳል? ቀና ሲሉ ኮርኒሱን ያያሉ? የአንገትዎንም ዙሪያ በሜትር ይለኩልኝ፤ መቼም ለካልኝ ብለው ሰው አይለምኑም። እንቅልፍዎስ ደህና ነው? ለሌላ ታማሚ ቢሆን አፌ አይያዝም ነበር። እርስዎን ምላስዎን ያውጡ ማለት ግን ከበደኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 2

ይድረስ አክስቱን ምላስ ለሚያስወጣው፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደስታህን ያብዛልህ፣ ሳቅህን አይውሰድብህ።

ያልከውን ሁሉ አድርገናል፤ ጉድም ሆነናል። ሱቁ ውስጥ በትልቁ መስታወት ፊት ምላሴን ጎልጉዬ አውጥቼ፣ ቁልፍ ሰፊዋ በእጅ ባትሪ ጉሮሮዬን እያበራች «አአአ እንዳትይ፣ አትይ ብሏል!» እያለች፣ አንዲት ደንበኛ ከነልጇ ዘው አትልም? ልጁ እንደሆነ እኔን አይቶ ምላሱን አወጣ። እናትየው ደህና አድርጋ ቆነጠጠችው። ምን ላድርግ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት አልል!

አፌ ሦስት ጣት ያስገባል፤ የእኔ አፍ ምን ሲከብደው። እንጥሌ ቁጭ ብሎ ይታያል። ከንፈሬን ነክሻለሁ። ኮርኒሱንም አይቻለሁ፤ መቀባት አለበት። የአንገቴ ዙሪያ ሠላሳ ስድስት ነው፣ ኮሌታ በሚያርፍበት በኩል በደንብ ለክቼዋለሁ። እንቅልፍ ላልከው ለጥ ነው። ጨርሶ አታስብ።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ለባለመነጽሯ ደብዳቤ ጻፍላት። አንተ እዚያ ትልቅ ቦታ የምትሠራ ሰው ነህ፣ የአንተን ቃል አታጣጥለውም። «አክስቴ ምንም አይሉም፣ እንደ ሰው ይተኙ» በልልኝ። ማኅተም ቢኖረው ጥሩ ነው። መሣሪያ ይመጣል እየተባለ ዛሬ ነገ ሲሉኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ነቅቼ ቱቦ የሚገባብኝ ከሆነ ደግሞ በእግሬ ሄጄ አልገባላቸውም፣ ቁርጥ ነው። እፈራለሁ። ይኸው ተናገርኩት፣ እፈራለሁ።

እታባ


ኅዳር 14

ለእታባ፤

ሰላምዎ ይብዛ፣ ፍርሃትዎን ፈጣሪ ያንሳልዎ። «እፈራለሁ» ብለው ሲጽፉ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

የላኩልኝ መልስ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ አፍና አንገት ያለውን ሰው እኛ እዚህ ብዙ ሳናስብ እናስተኛለን። ባለመነጽሯ ጥንቁቅ ትመስለኛለች፤ ጥንቃቄ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሲበዛም ሰውን ያስጨንቃል። ያዘዙኝን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ የሙያ ባልደረባዬ። ታማሚዋ አክስቴ ናቸው። አፋቸው በሚገባ ይከፈታል፣ እንጥላቸው ይታያል፣ በጀርባቸው ያለ ችግር ይተኛሉ። በተለመደው መንገድ ቢተኙ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም።»

ማኅተሙን የክፍል ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ፖስታ ቤት ልወስደው ወጥቼ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሻለሁ፤ ለምን እንደተመለስኩ ግን እኔም አላውቅም። የሆነ ነገር ይከነክነኛል። ብቻ ለእርስዎ ስለሆነ ይሆናል።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 17

እታባ፣ ሰላምታው ይቆየኝ።

ያን ደብዳቤ ለማንም እንዳይሰጡ። ገና መንገድ ላይ ነው። ሲደርስ ሳይከፍቱ ይቅደዱት፤ ማኅተሙንም ቢሆን። ይህን የምጽፈውን ፎቶ አንስቼ በቁልፍ ሰፊዋ ስልክ እልከዋለሁ፣ እሷ ታንብብልዎ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬ በሰላም ይድረስ እያልኩ እጸልይ ነበር። አሁን ፖስታ ቤቱ ቢያጠፋልኝ ደስታዬን አልችለውም።

ዛሬ ሱቁ ደወልኩ። ቁልፍ ሰፊዋ አነሳችና «እታባ የሉም፣ ወጣ ብለዋል» አለችኝ። ከጀርባዋ ማሽኑ ይንጫጫል። በማሽኑ መሃል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ሲር ሲር የሚል። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ማሽኑ ነው» አለች። ወዲያው ማሽኑ ቆመ። ያኛው ድምፅ ግን አልቆመም። እታባ፣ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ከየትም ብሰማው አውቀዋለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ እሱን ለማወቅ ነው። እዚያው ነበሩ። ማሽኑ ላይ የነበሩትም እርስዎ ነዎት።

ስልክዎ አልተበላሸም። ድምፅዎን እንዳልሰማው ነው ወረቀት የጀመሩልኝ፣ አይደለም?

ቁጭ ብዬ ደብዳቤዎቹን እንደገና አነበብኳቸው። እጄን ሳነሳ ፊቴ ቲማቲም ይመስላል ብለው በግልጽ ጽፈውልኛል! እንቅርቱ ወደ ታች ወርዶ ከደረት አጥንት ኋላ ገብቷል፣ እጅ ሲነሳም የአንገትን ደም ሥር ያንቃል ማለት ነው። ማንም ጀማሪ ተማሪ ይህን ቢያነብ ከወንበሩ ይነሳል። እኔ ሳቅኩ። አንገትዎንም ኮሌታ በሚያርፍበት ለኩት፣ ከእብጠቱ በላይ፤ የለኩልኝ የልብስ ሰፊን አንገት ነው። እንቅልፍዎን ስጠይቅም ደህና ነው ወይ ብዬ አለፍኩ። ታማሚ ቢሆን የት ነው የሚተኙት፣ ስንት ትራስ ይደግፋሉ፣ ጠፍጣፋ ሲጋደሙ ያፍንዎታል ወይ እያልኩ አፋጥጠው ነበር።

አሁን እንደ ታማሚ ነው የምጠይቅዎ፣ ይቅርታም አልጠይቅም። የት ነው የሚተኙት? በጀርባዎ መጋደም ይችላሉ? እንጥልዎን በእውነት አየችው? ባለመነጽሯ ትክክል ናት። እርስዎን በተለመደው መንገድ ማስተኛት ትንፋሽዎን ዘግቶ ቁልፉን መጣል ነው። የሆስፒታሉን ስልክ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ መዝገብ ክፍል ያነሳና ይጠብቁ ብሎኝ ይጠፋል። ስሟን እንኳ አላውቅም፣ ከባለመነጽሯ ጋር አገናኙኝ ልበል?

ይቅደዱት። ይመልሱልኝ።


ኅዳር 29

እታባ፤

ቁልፍ ሰፊዋ መልእክቱን አይታዋለች፣ ስልኩ ይነግረኛል። መልስ ግን የለም። ስደውል ትዘጋብኛለች። ከልክለዋት ነው፣ አውቃለሁ።

ዛሬ አንዲት ሴትዮ አፏን ደጋግሜ አስከፈትኳት። «ዶክተር፣ መንጋጋዬ ሊወልቅ ነው» አለችኝ። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ዓይኔ አንገቱ ላይ ነው። ሻይ ልጠጣ እቀመጥና እነሳለሁ። ደብዳቤው እስካሁን ደርሷል። ቀድደውት ከሆነ አንድ ቃል፣ «ቀደድኩት» ብቻ ይበሉኝ። ሰጥተዋት ከሆነም ይንገሩኝ። ብቻ ዝም አይበሉኝ፣ በሞቴ።


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጭንቀትህን ያራግፍልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ይህን የምጽፍልህ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። መናገር ለጊዜው ተከልክያለሁ፤ ቁልፍ ሰፊዋ ይህን ቀን ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቀች እየነገረችኝ ነው። አንገቴ ላይ የተሰፋሁት ቀጭን መስመር አለኝ። እጁ ጥሩ ነው ሰውየው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምሰፋው።

ወጥቷል። አለሁ። አሁን ትንፋሽ ዋጥ አድርግና የሆነውን ስማ።

የላክኸውን ፎቶ በዚያው ቀን አነበበችልኝ። ደሜ ፈላ። ማን ሰላይ አደረገው አልኩ። ስልክ እንዳታነሳም ያስማልኳት እኔ ነኝ፣ በእሷ አትቀየማት። ወረቀቱ ሲደርስ ቅደጂው ብላ ለመነችኝ። አልቀደድኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ቁልፍ ሰፊዋ እንጥሌን አላየችም፤ ምላስ ብቻ ነው ያየችው፣ እየዋሸች ነው ብላ እንዳትጽፍ ደብዳቤውን ቶሎ አሸግኩት። የምተኛው ደግሞ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደገፍ ብዬ፣ ወንበር ላይ ነው። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ይጫነኛል። ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይልኩኝና እዚያ ወረፋ ስጠብቅ አልቃለሁ ብዬ ነው። አንዴ ብቻ አስተኝተው እንዲገላግሉኝ ነበር የፈለግኩት። የሚሆነውን ሳላይ።

ባለመነጽሯ ደብዳቤህን ቆማ አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። ማኅተሙን አየችና «የጻፉት ሰው አይተውዎታል?» አለችኝ።

«የወንድሜ ልጅ ነው» አልኩ።

«ዝምድናውን አልጠየቅኩም። አይተውዎታል ወይ?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ማርያምን ብዬ ልምልልህ፣ አዎ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ምን ታየኝ መሰለህ? አንተ። ሥራህ ላይ ቆመህ፣ ስልክህ ሲጮህ፣ ቁልፍ ሰፊዋ እያለቀሰች «አንተ በጻፍከው ደብዳቤ» ስትልህ። እኔ እሞትና እገላገላለሁ። አንተ ግን ከዚያ ወዲያ ማንን ታስተኛለህ? የማን አንገት ላይ እጅህ ደፍሮ ያርፋል?

«አላየኝም። ትቶኝ ሲሄድ ይሄ ሁሉ ነገር አልነበረኝም» አልኳት። አልቅሻለሁም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ፣ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠችና «እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር፣ የት ነው የሚተኙት?» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

መሣሪያው መጥቶ ስገባ ቁጭ እንዳልኩ ነው ያደረጉልኝ፣ አላጋደሙኝም። ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ ነገር ነፉብኝ፣ ምርር ያለ። ከዚያ ጫፉ ብርሃን ያለው ቀጭን ነገር በአፍንጫዬ ገባ። ክፉ ነው፣ አልዋሽህም። እንባዬ ይወርዳል፣ ያስለኛል፣ የነርሷን እጅ ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ። ባለመነጽሯ ደግሞ አትቸኩልም፤ «አሁን ምላስዎን አለፍን፣ አሁን በሩ ታየኝ፣ አንዴ ብቻ ሳብ አድርገው ይተንፍሱልኝ» ትለኛለች። ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ምናልባት ቢያቅት አንገቴን ከፍቶ አየር ሊያስገባልኝ ነው። ከዚያ «ገባ፣ አሁን ይተኙ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ የአየር ቧንቧዬ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ በጋለ ካውያ እንደተተኮሰ ጠርዝ ተለጥፎ ነበር አሉኝ። «ቀድማችሁ ብታስተኙኝ ኖሮስ?» አልኳት ባለመነጽሯን፣ በወረቀት ጽፌ። ብርድ ልብሴን አስተካከለችልኝና ሄደች።

አንተን ልወቅስህ አይደለም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ፣ ያመንከኝም ስለምትወደኝ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንደ አክስት። አንተ የምታውቃት እታባ ስትሸኝህ መንገድ ዳር የቆመችው ናት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኛለሁ፣ አርጅቻለሁ፣ ፈሪ ሆኛለሁ፣ ውሸታምም ሆኛለሁ። አንተ ግን አሁንም ለዚያችኛዋ ነው የምትጽፈው፣ ማኅተም የመታህላትም ለእሷ ነው። ከእንግዲህ ማንም ስለ እኔ ቢጠይቅህ፣ እንዴት ናቸው ቢልህ፣ ደህና ናቸው እንዳትል። አላየኋቸውም በል። እንዲህ ማለት ካሳፈረህ ደግሞ ና እየኝ።

አክስትህ እታባ